ዎልፔፐር አንስቶ ቀለም መቀባት፤ ዋናው ጣጣ ኮላው ነው

የገዛነው ኮንዶሚኒየም ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ዎልፔፐር የተለጠፈበት ነበር። ወርቃማ አበባ ያለው፣ መብራት ሲያርፍበት ብልጭ የሚል ዓይነት። አንድ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ ሆናችሁ የገባችሁበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነበር። አዲስ ሲሆን ያምራል። ዓመታት ሲያልፉ ግን መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ጥጉ ይነሳል፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ይጠቁራል። ልጆች የተነሳች ጫፍ ካገኙ ደግሞ አለቀ።

አንስተን ቀለም ልንቀባ ስንል ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፤ «ምን አደከማችሁ? ከላዩ ላይ ቀቡት፣ ማን ያየዋል?»

ይህን ምክር አትስሙ። ቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ በመጋጠሚያው ገብቶ ከስር ያለውን ኮላ ያርሰዋል። ወረቀቱ ቦታ ቦታ ላይ ይነፋል። አበባው ከፍ ዝቅ ያለ ከሆነ ቅርፁ ከቀለሙ ስር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኋላ ላንሳው ቢሉ ደግሞ ቀለሙ ውሃ አላስገባ ስለሚል ድካሙ እጥፍ ነው።

ሥራውን ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ግን ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱን መላጥ ቀላሉ ክፍል ነው። ቀለም የሚያበላሸው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ኮላ ነው። ሲደርቅ በዓይን አይታይም። የውሃ ቀለም ሲነካው እንደገና ይርሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙንም ይዞት ይሰነጠቃል ወይም እየተቀረፈ ይነሳል። ሰው «ቀለሙ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ሻጩ የለበትም።

ውሃ ከመርጨታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት። የብሎኬት ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሃም ይችላል። በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች ክፍል ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ግን አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ፓነል ነው፤ ሲያንኳኩት ቀለል ያለ ድምፅ አለው። እሱን በእርጥብ ስፖንጅ ማባበል እንጂ በባልዲ ማጠብ አይገባም። ከልስኑ ላይ ጂፕሰም ወይም ስቱኮ ተደርጎበት ከሆነም ውሃ ሲበዛበት ይለሰልሳል፣ በስፓቱላ ሲነኩት ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ሞክሮ ማየቱ ብዙ ያድናል።

ስለ ጭቃ ቤትም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ያደግነው እዚያ ነው። ዎልፔፐር የሚባል ነገር ሳናውቅ እናቶቻችን ግድግዳውን በጋዜጣ ይለብጡት ነበር። ማጣበቂያው በውሃ የቀጠነ የዱቄት ሊጥ ነው። በዓል ሲመጣ በአሮጌው ላይ አዲስ ይደረባል። አዲስ ዘመን በአዲስ ዘመን ላይ፣ በመካከሉ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የውጭ መጽሔት። በረሮ ሊጡን ስለሚወደው ከጋዜጣው ጀርባ ከነቤተሰቡ ይኖራል። እንዲህ ያለ ቤት የምታድሱ ከሆነ ውሃ አታፍስሱበት፤ ጭቃው ራሱ ይሟሟል። ወረቀቱን በትንሹ አርጥቦ፣ ድርቡን በስፓቱላ እያላቀቁ ቀስ ብሎ መላጥ ነው። የጭቃው ልስን አብሮ መነሳቱ አይቀርም፤ ቀለም ከመታሰቡ በፊት ጭድ ባለው ጭቃ መጠገን አለበት።

ወደ ዎልፔፐሩ እንመለስ። ሦስት ዓይነት ያጋጥማችኋል። አንደኛው ላዩ ፕላስቲክ፣ ጀርባው ወረቀት የሆነው ነው፤ የእኛ ይሄኛው ነበር። ሲስቡት ፕላስቲኩ ብቻ ይመጣና ነጭ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ጨርቅ መሰል ጀርባ ያለው ነው። እድለኛ ከሆናችሁ በደረቁ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ይላጣል። ሦስተኛው ራሱ የሚጣበቀው፣ ጡብ የሚመስለው ፎም ነው። እሱን ውሃ ምንም አያደርገውም። በፀጉር ማድረቂያ ጠርዙን እያሞቁ ቀስ ብሎ መሳብ ይሻላል። የሚተወው ማጣበቂያ ሙጫ ስለሆነ በቲነር የተነከረ ጨርቅ ይፈልጋል፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃ ጠፍቶ።

መጋጠሚያውን ማግኘት ካቃታችሁ በሜትር ለኩ። የተለመደው ጥቅል ስፋቱ 53 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰፊው የኮሪያ ጥቅል ደግሞ 106። ከጥግ ተነስታችሁ ብትለኩ መጋጠሚያው የት እንደሚመጣ ይገባችኋል።

ከዚያ መብራት። ግድግዳ ላይ ውሃ ልትረጩ ነው፤ ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። የክፍሉን ብሬከር አጥፉ። ሽፋናቸውን ፍቱና ውስጡን በፌስታልና በፕላስተር ሸፍኑ። ወረቀቱ ከሽፋኑ ስር ገብቶ ስለሚለጠፍ ሽፋኑን ሳይፈቱ መጨረስም አይቻልም። «እኔ እጠነቀቃለሁ» የሚል ሠራተኛ ካለ ያን ቀን ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ወለሉ ላይ ሸራ አንጥፉ፤ ርሶ የወደቀ ወረቀት ሴራሚክ ላይ ከደረቀ ሌላ ሥራ ነው። ለቆሻሻው ማዳበሪያ አዘጋጁ፤ ከምታስቡት በላይ ይሞላል።

አላላጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የላይኛውን ፕላስቲክ በደረቁ አንሱት። ከታች ጥግ ጀምሩና ወደ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ሳቡ። ወደ ራሳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ይቀደዳል፣ ጂፕሰሙንም ይነቅላል። ፕላስቲኩ እምቢ ካለ በቢላ ቀለል አድርጋችሁ ጫሩት፣ ውሃው እንዲገባ። በኃይል የተጫረ ግድግዳ ግን በኋላ እያንዳንዱን ጭረት በስቱኮ መድፈን ይጠይቃል።

የቀረው ነጭ ወረቀት ሙቅ ውሃ ነው የሚፈልገው። እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጉበት፤ ውሃው ላዩ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። በሩሎ ወይም በመርጫ ከላይ ወደ ታች አርሱት። ከዚያ መታገስ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና አርሱት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ረጥቦ የጠገበ ወረቀት በስፓቱላ ሲነካ ራሱ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ያልጠገበ ግን እየተቆራረጠ ያስለቅሳል። ግድግዳውን ሁሉ በአንዴ አታርሱ። አንድ ሁለት ሜትር ስፋት ያዙ፣ ያን ስትልጡ ቀጣዩ ይርሳል።

የስፓቱላውን ሹል ጥጎች በሞረድ ወይም በድንጋይ አደብዝዟቸው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግድግዳውን ከብዙ ቁስል የምታድነው ግን እሷ ናት። እንቢ ላለ ቦታ እርጥብ ፎጣ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ከላዩ ትኩስ ካውያ ብታሳርፉበት እንፋሎቱ ያላቅቀዋል። ካውያው የሚሰካው ብሬከሩ ካልጠፋበት ሌላ ክፍል መሆን አለበት። ገመዱም ውሃ ላይ አይጎተት።

ወረቀቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ «ተገላገልን» ይላል። እኔ ደግሞ አሁን ገና ተጀመረ እላለሁ። ንጹህ ሙቅ ውሃና ስፖንጅ ይዛችሁ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ደፍርሶ በቆየ ውሃ ማጠብ ኮላውን ከአንዱ ቦታ አንስቶ ሌላው ላይ መቀባት ነው። ግድግዳው ርጥብ እያለ ጣታችሁን አሳርፉበት። ሙልጭልጭ ካለ ኮላ አለ። ሻከር ብሎ ንጹህ ድንጋይ የነካችሁ ከመሰላችሁ ጸድቷል።

አንድ ዘዴ አለ፣ የኬሚስትሪ ክፍልን የሚያስታውስ። ከፋርማሲ የሚገዛውን አዮዲን በውሃ አቅጥኑና ግድግዳው ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ስታርች ያለበት ኮላ ካለ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ይለወጣል። ቢጫ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ስታርች የለም ማለት ነው። ከሴሉሎስ የሚሠራውን ኮላ ግን አዮዲን አያሳይም፤ ስለዚህ የጣቱ ፈተና አይቅር።

አንዳንድ ለጣፊዎች ወረቀቱ እንዳይነሳ ብለው የአናጺ ነጭ ኮላ ይቀላቅላሉ። እሱ ከደረቀ በውሃ አይሟሟም፤ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል እንጂ። አቼቶና ሙቅ ውሃ እኩል ቀላቅሎ መሞከር ይረዳል። የቀረውን በስፓቱላ መፋቅ፣ ከዚያም በዘይት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት በሚቀባው መነሻ፣ ማፈን ነው።

የእኛ መኝታ ቤት ከሻወሩ ጋር የሚጋራው ግድግዳ አለ። ወረቀቱ ሲነሳ ጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሽታውም የምድር ቤት ሽታ። ፕላስቲክ ያለው ዎልፔፐር ግድግዳውን አየር ያሳጣዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ሻጋታ ያበቅላል፣ አበባው ደግሞ ከላይ ሆኖ ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ቀለሙን እርሱትና ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። የእኛ ከሻወሩ ሴራሚክ መገጣጠሚያ ነበር፤ መገጣጠሚያውን የሚሞላው ፊል ታጥቦ አልቆ ውሃው እየሰረገ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ሳይጠራ ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ሻጋታውን ለማጽዳት 1 እጅ በረኪና ከ10 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቀቡት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩት፣ ፈትጉት፣ በንጹህ ውሃ አጥቡት። ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቀደም ብዬ ለኮላው አቼቶ ብያለሁና ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ግድግዳ ላይ አትጠቀሙ።

ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ከልስኑ ላይ ካያችሁ እሱ ሻጋታ አይደለም፤ ውሃ ከግድግዳው ውስጥ ይዞት የወጣ ጨው ነው። በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። እሱም ቢሆን የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ የሆነ ቦታ ውሃ እየገባ ነው።

ግድግዳው መድረቁን በምን እናውቃለን? 45 ሳንቲ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፌስታል ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉ። አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ስታነሱት ከግድግዳው በኩል ላብ ካለበት ገና ነው። ይህን የነገሩኝ ስቱኮውን የሠሩልን የሰፈራችን ለሳኝ ናቸው። እኔ «ጋሼ፣ ነገ እንጀምር?» ስላቸው ፌስታሉን አንስተው አሳዩኝ፤ «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ውሃውን አልጨረሰም። እኔ አልነካውም።» ለሥራው የቸኮልኩት እኔ፣ ገንዘቡ የሚቀርባቸው እሳቸው! እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

በዚህ ምክንያት ጊዜውን መምረጥ ይጠቅማል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የታጠበ ግድግዳ በቀላሉ አይደርቅም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር የዚህ ሥራ ወዳጅ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ላሳምር ብሎ በነሐሴ የሚጀምር ብዙ ነው። ይገባኛል፣ ግን አልመክርም።

ከወረቀቱ ስር አሮጌ ዘይት ቀለም ካገኛችሁ ቆም በሉ። በድሮ ቤቶች የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ በዘይት ቀለም መቀባት የተለመደ ነበር። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውን በደረቁ አትፈግፍጉት፤ አቧራው በተለይ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው። ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት፣ ግድግዳውን እያረጠባችሁ አሻክሩት። አቧራውን በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ልቀሙት። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት እዚያ ቤት አይዋሉ።

ቀጥሎ ጥገና። በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን መታ መታ አድርጉ። ባዶ የሚል ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከብሎኬቱ ለቋል ማለት ነው፤ ዛሬ ባይወድቅ ከስቱኮው ጋር ይወድቃል። ያን አፍርሱና በሞልታ (በሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ) እንደገና ይለሰን። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ውሃውን እስኪጨርስና አልካሊነቱ እስኪቀንስ። ቀጭን ስንጥቅ ሲገኝ ላዩን ብቻ መድፈን አይጠቅምም። በስፓቱላ ጥግ ከፈት አድርጉት፣ አቧራውን አውጡ፣ አርጥቡት፣ ከዚያ ሙሉት። ሰፋ ያለውን በመረብ ፕላስተር ደግፎ መድፈን ነው።

ስቱኮ ሁለት እጅ ይሁን፣ ሁለቱም ስስ። አንድ ወፍራም እጅ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይሆንና ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ከተሳበ ሁለተኛው ወደ ጎን ይሳብ፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። በመካከሉ በደንብ ይድረቅ። ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ለማሳመሪያ ደግሞ በ180 ወይም በ220። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ በጣት የተፈገፈገ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከግድግዳው ጎን አብሩ። ቀን ያልታየው እብጠትና ጭረት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይወጣል። በእርሳስ ክበብ አድርጉበትና ጠዋት አስተካክሉት።

የዚህ ሥራ አቧራ በር አያግደውም። በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ ስቀሉ፣ የምግብ ዕቃ ሸፍኑ፣ ማስክ አድርጉ። ሲያልቅ ግድግዳውን መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንዴ አሳልፉበት። እጃችሁን ስታሳልፉበት ነጭ እየሆነ የሚመጣ ከሆነ አቧራው ገና አለ፤ ቀለሙ የሚይዘውም አቧራውን ነው።

ሠራተኛ ይዛችሁ የምታሠሩ ከሆነ ስለ ገንዘብ አንድ ምክር አለኝ። በካሬ ሲስማሙ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር ተናገሩ፣ ጻፉትም። ወረቀት ማንሳት፣ ኮላ ማጠብ፣ ስቱኮ ስንት እጅ፣ ፕራይመር፣ ቀለም ስንት እጅ። «ሁሉንም ጨምሮ» የሚለው ቃል ውስጥ የኮላ ማጠቡ ሁሌም ይጠፋል፤ ምክንያቱም ማንም አያየውም። ኮላው ታጥቦ ግድግዳው በጣት ከተፈተሸ በኋላ አንድ ክፍያ፣ ስቱኮው ተፈግፍጎ ሲታይ ሌላ፣ የመጨረሻው ቀለሙ ሲያልቅ። እንዲህ ሲሆን ሁለታችሁም ተከባብራችሁ ትለያያላችሁ።

ፕራይመር ላይ ቆጣቢ መሆን የሚወድ ብዙ ነው። በእኛ አገር የተለመደው የመጀመሪያውን እጅ ቀለም በውሃ አቅጥኖ መቀባት ነው። ንጹህና ደረቅ ስቱኮ ላይ ያ ብዙም አይጎዳም፤ ስቱኮው ስለሚጠጣ ቀጭኑ ቀለም ሰርጎ ይይዛል። ኮላ በነበረበት ግድግዳ ላይ ግን ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ብዙ ውሃ፣ የቀረችውን ኮላ ለመቀስቀስ። እኛ ወረቀት የነበረበትን ሁሉ በዘይት ፕራይመር አፈንነው። ይሸታል፣ ይቆያል፣ ብሩሹንም በቲነር ማጠብ ይፈልጋል። ግን ከስር የቀረ ነገር ካለ ውሃ እንዳይደርስበት ይዘጋዋል። የሻጋታ እድፍም በነጭ ቀለም ውስጥ እየሰረገ እንዳይወጣ ያግዳል። እሱ ሲደርቅ ከላዩ ተራ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት ይቻላል።

ቀለሙ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ግድግዳው ከተዘጋጀ ማንም ይቀባዋል። 1 ሊትር በአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል ብላችሁ አስሉ፣ ሁለት እጅ ነውና በሁለት አባዙ። የአንዱን ክፍል ቀለም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠው ጥቂትም ቢሆን ይለያል። ጥጎቹን መጀመሪያ በብሩሽ፣ ሰፊውን ሳይደርቅ በሩሎ።

ሲነኩት ቢደርቅም ቀለሙ ጠንክሮ እስኪጨርስ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ስለሚችል እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አትፈትጉት። ቁም ሳጥኑን ስትመልሱ ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ አየር ይለፍበት። የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና የክፍሉን ስምና የቀለሙን ቁጥር ላዩ ላይ ጻፉበት፤ የመጀመሪያው ጭረት ሲመጣ ከየትኛው ቆርቆሮ እንደምትነክሩ እንዳትፈልጉ።